እትዬ ብርቄና የጥላ ፊልሞቿ

በቀደም ዕለት ሐሙሲት ላይ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሚኒባስ ስጠብቅ ከአንድ ሻይ ቤት ጓሮ ጭስ መጣ። የጎማ ጭስ አይደለም፤ የማዳበሪያ ከረጢትም አይደለም። ዞሬ ባይ ባለቤቱ አሮጌ የቪዲዮ ካሴት ቆልሎ ያቃጥላል። ጥቁሩ ክር እሳቱ ላይ ይኮማተራል፣ ይጠማዘዛል፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ ያወጣል። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ደብረ ታቦር፣ ከቅዳሜ ገበያ በላይ፣ እትዬ ብርቄ ቤት፣ የቪዲዮ ማጫወቻው፣ ደኩ፣ ሲግል ክር ሲበላ የሚመጣው ሽታ ነው። ረዳቱ «አይገቡም፣ አባት?» ሲለኝ ወደ ጭሱ ዞሬ ነበር። ሚኒባሱ ሞልቶ ሄደ።

እትዬ ብርቄ ጠላ ሻጭ ነበረች። ላሳንሳት ብዬ አይደለም፤ የከተማው ሰው ሲጠራት ከዚህ ሌላ ቃል አያወጣላትም ነበር። ደርግ ሲወድቅ ከአስመራ የመጣች የወታደር ሚስት ናት። ባሏ እዚያው ቀረ፤ በሕይወት ይሁን በሞት ራሷም አታውቅም። ሰው ሁሉ ብርድ ልብስና ድስት ተሸክሞ ሲመጣ እሷ አንድ የቆዳ ሻንጣ ሙሉ ካሴት ይዛ መጣች። አስመራ ትሠራበት የነበረው ቡና ቤት ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ ጣልያን፣ እየወደደ የሚያያቸው የድሮ ፊልሞች ናቸው። እሱ ሲሞት ለሷ ተረፉ። ቴሌቪዥኑንና ደኩን እዚህ ከገባች በኋላ የጆሮ ወርቋን ሽጣ ገዛች። ቴሌቪዥኑ ከኋላው እንደ ሻኛ ያበጠ፣ ማብሪያው ተሰብሮ በክብሪት እንጨት የሚነካ ነበር።

ፊልሞቹ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ከተማው ውስጥ ሌላም ቪዲዮ ቤት ነበረ፤ አንዱ ሕንድ ያሳያል፣ አንዱ ካራቴ። እትዬ ብርቄ ቤት ዘፍኖ የሚያለቅስ የለ፣ ዘሎ የሚራገጥ የለ። ኮፍያ ያደረገ ሰው በጨለማ መንገድ ይሄዳል። መንገዱ ሁልጊዜ ርጥብ ነው፤ ጥላው ከራሱ ይረዝማል። አንዲት ቆንጆ ሴት ታጨሳለች። ከዚያ ሰው ይሞታል። ሰዎቹ አሜሪካኖች ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ጣልያንኛ ነው፣ ጣልያኖች በራሳቸው ቋንቋ ገልብጠውታል። እሷ ደግሞ ጣልያንኛውን ወደ እኛ ትገለብጠዋለች። የጥላ ፊልም ነበር የምንለው።

«ብርቄ፣ ይህ አገር በጋ የለውም ወይ?» ይላታል ልብስ ሰፊው ይርጋ። «ዝናቡ መች ነው የሚያባራው?»

«መገዳደል ሲተዉ» ትለዋለች፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሣ።

ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ መስኮቶቹን በጆንያ ትደፍናለች። ቤቱ በቀን ይጨልማል። የደኩን ራስ አረቄ በነከረችው ጥጥ ጠርጋ፣ ከአረቄው የተረፈውን አንዴ ተጎንጭታ ካሴቱን ትከተዋለች። ከዚያ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆማ ትናገራለች። ድምጿ ሻካራ ነው፤ ሲጋራ አስመራ ትታው መጣች እንጂ ሻካራው አልተዋትም። ክረምት ላይ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የፊልሙ ድምፅ ይጠፋል፤ የሷ አይጠፋም። ከበረዶው በላይ ትጮሃለች። «አላውቀውም አለች፤ ውሸቷን ነው፤ ትናንት አብራው ነበረች» ትለናለች። እኛም ሴትዮዋን እንጠላታለን። ውጭ ዝናብ፣ ፊልሙ ውስጥ ዝናብ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ይምታታብን ነበር።

ሌላ ቤት የሌለ አንድ ልማድ ነበራት። ፊልሙ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ታቆመዋለች። ምስሉ እየተንቀጠቀጠ ይቆማል፤ አንዱ ሽጉጡን እንደደገነ፣ አንዱ እጁን እንዳነሣ። ወደ እኛ ዞራ «ፍረዱ» ትላለች። ልማዱን መጀመሪያ ያመጣችው ጠላ ለመሸጥ ብላ ነው፤ የሚከራከር ሰው ጉሮሮው ይደርቃል። በኋላ ነገሩ ከጠላው በለጠ። ወንዶቹ እንደ ሸንጎ እየተነሡ፣ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ስለማያውቁት አገር ሰው ነፍስ ይሟገታሉ። አንድ ቀን የሟች ወገን ነኝ ያለ አናጢ የገዳይ ወገን ነኝ ያለውን ጎረቤቱን በጣሳ ግንባሩን ፈለጠው፤ ለአንድ የማያውቀው አሜሪካዊ ብሎ። እትዬ ብርቄ ቁስሉን በደኩ አረቄ አጠበችለት። ሰውየው እየጮኸ እሷ ፊልሙን ቀጠለች።

እኔና እናቴ እዚያው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። አባቴ ጉና ሥር፣ የገብስ ማሳ ድንበር ላይ በጥይት ሲገደል እኔ ጡት አልተውኩም ነበር። የተጣሉበት መሬት አንድ ሰው ተንጋሎ የሚተኛበት ያህል ነው። አባቴም ተንጋሎ ተኛበት። ገዳዩ ውብነህ የሚባል የአገሩ ሰው ነው። ታሰረ፤ መንግሥት ሲወድቅ እስር ቤቱ ተከፈተና ወጣ። ሁመራ ወረደ ተባለ። እናቴ እኔን አዝላ ከተማ ገባች።

የአባቴ ወንድም አያ ጥጋቡ ግን ለቀቀን ማለት አይደለም። ስሜን የቀየረው እሱ ነው። እናቴ ያወጣችልኝን ትቶ ደመላሽ አለኝ፤ የአባቱን ደም የሚመልስ ማለቱ ነው። እናቴ ትምህርት ቤት ላስገባው ስትል «ፊደል የቆጠረ ልጅ ደም አይመልስም፤ ጸሐፊ ሆኖ ይቀራል» አላት። ስለዚህ አልቆጠርኩም። ወፍጮ ቤት ዱቄት ስሸከም አደግሁ። በየክረምቱ ወደ ጉና ይወስደኛል። አባቴ የሞተበትን ሸማ፣ ደሙ ሳይታጠብ ጠቁሮ የደረቀውን፣ ከሞሰብ ሥር አውጥቶ ያሸተኛል። ከዚያ ድንች የሞላ ጆንያ ላይ አልብሶት «ተኩስ» ይለኛል። ጆንያው ሲበሳ ድንቹ እየተንከባለለ ይወጣል። አንቱ ነበር የምለው። ዛሬ አንተ ስለው ራሱ ያከበርኩት ይመስለኛል።

አንድ መስከረም ላይ አንድ ረዥም፣ ጎበጥ ያለ ሰው እትዬ ብርቄ ቤት መምጣት ጀመረ። የእንጨት መጋዘን ዘበኛ ነው፤ ስሙ ጋሼ አባተ ነው ተባለ። ከግድግዳው ጥግ፣ እኔ ከምቀመጥበት ጎን፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም። እትዬ ብርቄ ለሌላው ሰው ቆሎ በየጣሳ ክዳኑ ስትሰጥ ለኔና ለሱ አንድ ሳህን መካከላችን አስቀመጠች።

«ዕቃ አልቆብኛል፤ አብራችሁ ቆርጥሙ» አለች።

በሚቀጥለውም ቅዳሜ ዕቃ አለቀባት። በሚቀጥለውም።

ሰውየውን ወደድኩት። ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ብዙ አያወራም። ፊልሙ ላይ ሰው ሲገደል ወለሉን ያያል። የደብረ ታቦር ብርድ በበሩ ሥር ሲገባ የጋቢውን ጫፍ ሳልጠይቀው እግሬ ላይ ይጥልልኛል። ለኔ እንዲህ ያደረገ ወንድ ከዚያ በፊት አልነበረም። አያ ጥጋቡ የሚያውቀው ጥፊና ሸማውን ማሽተት ነው።

ከፊልሞቹ ሁሉ እትዬ ብርቄ በዚያ ዓመት የምትደጋግመው አንዱን ነው። የመርከብ እሳት አንዳጅ የወንድሙን ገዳይ ፍለጋ ወደ አንድ የወደብ ከተማ ይመጣል። የገዳዩን ስም እንጂ መልኩን አያውቅም። አንድ ማደሪያ ቤት አልጋ ይይዛል። ከጎኑ የሚተኛው ሰው ዳቦውን ይቆርስለታል፤ ሾርባ ከአንድ ድስት ይጠጣሉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ያ ሰው በሌላ ስም የሚኖረው ገዳዩ መሆኑን ይደርስበታል። ሽጉጥ ይዞ ደረጃ ላይ ይጠብቀዋል። አንድ ቀን እዚህ ላይ እትዬ ብርቄ ቁልፉን ተጫነችው።

«ፍረዱ።»

ቅዳሜ ስለነበረ አባ ደምሴ ከመካከላችን ነበሩ። ከጉና እስከ ታች ድረስ ሰው ሲገዳደል የሚጠሩ ደም አድራቂ ሽማግሌ ናቸው፤ ገበያ ሲወጡ በቅሏቸውን ደጅ አስረው ይገባሉ።

መጀመሪያ ይርጋ ተነሣ። «እኔ የወንድምየው ወገን ነኝ። ሳያውቅ በላ። ሳያውቅ የበላ አልበላም። ዓርብ መሆኑን ረስቶ ቅቤ የቀመሰ ሰው ጾም ገደፈ ይባላል እንዴ?»

«አንተ እያወቅህ ነው የምትቀምሰው» አለው አንዱ ከጨለማው፤ ሰው ሳቀ።

እኔ ተነሣሁ። ልጅ ሽማግሌ ፊት አይናገርም፤ ግን ተነሣሁ። «ይግደለው» አልኩ። «የወንድሙ ደም ነው። ዳቦ ደም አያጥብም።»

ሳቁ ቆመ። ስሜ ለምን እንደወጣልኝ የማያውቅ እዚያ ቤት የለም። ስቀመጥ ጋሼ አባተ እጁን ሳህኑ ላይ አቁሞ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ልክ ነህ፣ ልጄ» አለኝ።

አባ ደምሴ መጨረሻ ተነሡ። «ስለ ማወቅና አለማወቅ ትጨቃጨቃላችሁ» አሉ። «ሆድ ማወቅ አለማወቅ የለውም። እህል ከገባ ገባ። ከደመኛው ጋር ካንድ ዕቃ የበላ ሰው፣ ቢያውቅም ባያውቅም፣ ከዚያ ወዲያ ቢገድል ደም መለሰ አይባልም። የማዕድ ጓደኛውን ገደለ ነው የሚባል። ቢፎክር ማን ይቀበለዋል? ቃየል ነው።»

«ተፈረደ ማለት ነው፣ አባ?» አለች እትዬ ብርቄ።

«ተፈርዷል።»

«ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለች። ለምን እንዳለችው ያኔ አልገባኝም።

ፊልሙን ለቀቀችው። እሳት አንዳጁ ተኮሰ። ሰውየው ደረጃውን እየተንከባለለ ወረደ፤ ኮፍያው ቀድሞት ደረሰ። ወዲያው ፖሊሶች እሳት አንዳጁንም ጣሉት፤ ሁለቱ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ቀሩ። አባ ደምሴ በቅሏቸውን ሊፈቱ ሲወጡ «እህል የማይፈራ አገር» እያሉ ነበር።

አያ ጥጋቡ የጥምቀት ሰሞን መጣ። ቅዳሜ ነው። በግ ተራ ወስዶኝ፣ በጎቹ መካከል ቁጢጥ አድርጎኝ፣ ከጋቢው ሥር በነጠላ የተጠቀለለ ሽጉጥ እጄ ላይ አኖረ። ከብረቱ ይልቅ ነጠላው ሞቀኝ።

«ውብነህ እዚህ ነው» አለኝ። «ስሙን ለውጦ ይኖራል። ያቺ ጠላ ሻጭ ቤት ፊልም ያያል አሉኝ። አብረን እንገባለን፤ አሳይሃለሁ። አንዴ ደረቱን። ሲወድቅ አንዴ ጆሮ ግንዱን። ከዚያ እንዳትሮጥ። የሮጠ ሌባ ነው። ቆመህ ፎክር።»

«አንቱስ ይህን ያህል ዘመን ምነው አልገደሉት?» አልኩት።

በጥፊ አለኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። «ልጅ እያለ ወንድም ቢገድል ልጁ ሴት ነው ይባላል» አለ። ልጅ ስለሆንኩ እስሬ ያጥራል ብሎም አስልቶ ነበር፤ ይህን የሰማሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ስንገባ ፊልሙ ተጀምሯል፤ የአባ ደምሴ በቅሎ ደጅ ታስራለች። እኔ እንደ ልማዴ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ አያ ጥጋቡ በግራዬ፣ ጋሼ አባተ በቀኜ። ሳህኑ በኔና በጋሼ አባተ መካከል አለ። አያ ጥጋቡ ጠላም ቆሎም አልነካም። ሽመሉን ጉልበቱ መካከል ተክሎ ጨለማውን በዓይኑ ይበረብራል። እኔም እበረብራለሁ፤ የማላውቀውን የውብነህን ፊት። ደንግጬ ስለነበር እጄ ለብቻው ቆሎ እያነሣ አፌ ይከታል። ከሳህኑ ውስጥ ያ ጥፍር የሌለው ጣት ይነካኛል። ውብነህን ሳገኘው ጋሼ አባተ እንዳይደነግጥ ምን ብዬ ላስጠንቅቀው እያልኩ አስብ ነበር። እንዲህ ነበርኩ እኔ።

ፊልሙ ላይ አንድ መኪና መብራቱን ቦግ አድርጎ ወደ እኛ መጣ። ቤቱ ነጣ። አያ ጥጋቡ አንገቱን አስግጎ በደረቴ በኩል አሻግሮ አየ።

«ያውልህ» አለኝ በጆሮዬ። ትንፋሹ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። «ከጎንህ። ሳህንህ ውስጥ እጁን የከተተው።»

ሽጉጡን አወጣሁት። እንዴት እንዳወጣሁት አላስታውስም፤ አፈሙዙ የጋሼ አባተ ጎድን ላይ እንደነበረ ግን አስታውሳለሁ። አላየኝም ልል አልችልም። አየኝ። እጁን ከሳህኑ አላወጣም።

የቴሌቪዥኑ ብርሃን ብረቱ ላይ ሳይወድቅ አልቀረም፤ እትዬ ብርቄ መናገሯን አቆመች። ወደ መስኮቱ ሄዳ ጆንያውን ከነምስማሩ ነቀለችው። ፀሐይ እንደ ጥፊ ገባ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሲገልጥ እኔን አየ።

«ደመላሽ» አለች፣ ጠላ ድገሚ ሲሏት በምትመልስበት ድምፅ። «መጀመሪያ አፍህ ውስጥ ያለውን ዋጥ።»

ዋጥኩት። ለምን እንደዋጥኩት ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። መትፋት እችል ነበር።

«አሁን የዋጥከው ከማን ጋር የበላኸውን ነው?» አለች። «ከመስከረም ጀምሮ ከዚህ ሰው ጋር ካንድ ሳህን በልተሃል። ይህ ሁሉ ሰው አይቷል። አባ፣ በዚያ ቀን ምን ብለው ነበር የፈረዱት?»

አባ ደምሴ ፊታቸው ተለወጠ። የፈረዱት ለፊልም መስሏቸው ነበር። እኔን አዩ፣ ሳህኑን አዩ። «ያልኩት ያልኩት ነው» አሉ። «እህል ገብቷል። ይህ ልጅ ደመኛ አይደለም።»

«በዚህ በሰይጣን ሳጥን ፍርድ?» አያ ጥጋቡ ተነሣ። «በዚች ጠላ ሻጭ ፍርድ?»

አግዳሚ ረግጦ አለፈ። እሷ አልሸሸችም። ሽመሉ መንጋጋዋ ላይ ሲያርፍ የደረቀ የማሽላ አገዳ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው የተሰማው። ወደቀች ስንል ተነሣች፤ አፏን በእጇ ይዛ፣ በጣቶቿ መካከል ደምና ጥርስ እየፈሰሰ። ዳግመኛ መታት። ያኔ ይርጋና አናጢው ተጠመጠሙበት። ይርጋን ትከሻው ላይ ነከሰው፤ ሥጋው በጥርሱ መጣ። ይርጋም ሽመል የያዙትን ጣቶች አንድ በአንድ ወደ ኋላ አጠፋቸው። ሲሰበሩ ሁላችንም ሰማን። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎቹ ገና ይሯሯጣሉ፤ የሚገለብጥልን የለም።

አያ ጥጋቡ መሬት ላይ ተጋድሞ ወደ እኔ ጮኸ። «ተኩስ፣ አንት ውሻ። የአባትህ ደም ነው።»

ጋሼ አባተ ወደ እኔ ዞረ። «ተኩስ» አለኝ እሱም። «ውብነህ ነኝ። አባትህን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም።»

ጣቴ ብቻ እንቢ አለ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየኋት፤ ጩኸቱን ሰምታ ከማድ ቤት መጥታለች፤ እጇ ጥላሸት ነው።

«የቆላሁት እኔ ነኝ» አለችው አያ ጥጋቡን። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኔ ነኝ የቆላሁት። ሰውየው ግቢ ሲገባ አወቅሁት፤ ለብርቄ ነገርኳት። ባሌን ወስዳችሁብኛል። ልጄን አልሰጣችሁም።»

ሽጉጡን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። ቆሎው ወለሉ ላይ ተበተነ።

ሚሊሻዎች መጥተው አያ ጥጋቡን ሲወስዱት በሩ ላይ ዞሮ ተፋብኝ። «ያን ስም መልስ። ያንተ አይደለም» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ከዘመዶቼ አንድም ሰው ደመላሽ ብሎ አልጠራኝም። ገበያ ስወጣ የጉና ሰዎች «ቆሎው መጣ» ይሉ ነበር። የአባቴን መሬት ተካፈሉት። ሚስት ስጠይቅ ሁለት ቤት «የአባቱን ገዳይ አብልቶ ያደረ» ብለው መለሱኝ። ሰው የተረፈ ሲባል ደስታ ይመስለዋል። እኔ የተሰነጠቀ ከንፈሬን እየነከስኩ ነው የኖርኩት።

አያ ጥጋቡ ግን አልበላም ነበር። ከእስር ሲወጣ፣ በተጣመሙ ጣቶቹ፣ ጋሼ አባተን ከመጋዘኑ ደጅ ጠብቆ ደረቱን፣ ቀጥሎ ጆሮ ግንዱን መታው። ቆሞ ፎከረ። የጋሼ አባተ የበኩር ልጅ ከሁመራ መጥቶ አያ ጥጋቡን ማሳው ላይ ከሞፈሩ ጋር ጣለው። የአያ ጥጋቡ ልጅ ያን ልጅ ገደለ። ሌላው ሌላውን። ከአጎቴ ልጆች ለጎልማሳነት የደረሰ የለም። የጋሼ አባተ ልጆችም እንደዚያው። ወደ እኔ የመጣ ግን የለም። የአባታቸው ማዕድ ተካፋይ ነኝና ቢገድሉኝ ነውር ነው፤ ብገድላቸውም ነውር ነው። የሁለቱም ወገን ለቅሶ ላይ ከአጥር ውጭ ቆሜያለሁ።

ጋሼ አባተ ከኔ ጋር የበላው ከፍርሃት ነው ወይስ ከጸጸት፣ አላውቅም። እትዬ ብርቄ በሁለተኛው ሳምንት ማን መሆኔን ነግራዋለች። አውቆ ነው ጋቢውን የጣለብኝ። ነፍሱን ለማትረፍ ይሆናል። ብቻ ብርዱን ከእግሬ ላይ አንሥቶታል።

የእትዬ ብርቄ መንጋጋ ጠምሞ ዳነ። ስትናገር አፏ ትኩስ ድንች የያዘ ይመስላል። ፊልሞቹን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አሳየች፤ ሰዎቹ ያወራሉ፣ እኛ እናያለን። ሰው ተመናመነ። ሕንድ ወደሚያሳየው ቤት ሄደ፤ ይርጋ ብቻ ቀረ፤ እሱም ይተኛል። ደኩን ሸጠች። ካሴቱን የወሰደ እንኳ አልነበረም። ጣራ ገዳም ጸበል ልትገባ የሄደች ዕለት ሻንጣዋን እስከ መኪናው ተሸከምኩላት። ያኔ ጢም አብቅያለሁ፤ ንዴቱም አብሮኝ አድጓል።

«እትዬ፣ ማን ለምኖሽ ነው?» አልኳት። «የኔን ነገር ለኔ ብትተይልኝ ምን ነበረበት?»

ቆማ አየችኝ። «አስመራ ላይ ሬሳ ጠግቤ ነው የመጣሁት» አለች፣ ከዚያ ከጠመመ አፍ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተች። «ግቢዬ ውስጥ ሌላ አልፈልግም አልኩ። ላንተ ብዬ አይምሰልህ።»

መኪና ውስጥ ገባች። መስኮቱን እንኳ አልከፈተችም። እዚያው ጣራ ገዳም እንደሞተች የሰማሁት ከተቀበረች ከርሞ ነው። ስትመታ የጮኸ ሰው እንጂ ስትቀበር ያለቀሰ ስለመኖሩ አልሰማሁም። አመሰግንሻለሁ አላልኳትም። አሁንም ቃሉ ከአፌ አይወጣም፤ የወሰደችብኝና የሰጠችኝ ነገር አንድ ነውና።

እንደ ምንም አገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ። ፊደል የቆጠርኩት ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ ነው፤ በቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት፣ ጉልበቴ ከዴስኩ በታች አልገባ እያለ። የከለከለኝ አጎት ሞቶ ነበር፤ ልጆቹም።

ባለፈው እሑድ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ልጄ ከኋላዬ መጥታ ጠጉሬን ትበረብር ጀመር። አንድ ነጭ አገኘችና ለመንቀል ያዘችው።

«አባ፣ ይኸው ሌላ። አያቴም እንዲህ ሽበት ነበረው?»

«አልደረሰም» አልኳት። «አጎቴም፣ ልጆቹም አልደረሱም። በቤታችን እኔ የመጀመሪያው ነኝ።»

«ልንቀለው?»

«ተይው» አልኳት።